ምስሉ ከመሰበሩ በፊት፤ የዲጂታል ቪዲዮ ጅረትን በኔትዎርክ ላይ ስለ መከታተል

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




የጉባኤው አዘጋጆች ስለ ዲጂታል ቪዲዮ ማጓጓዣና ስለ ኔትዎርክ ክትትል እንድናገር በጠየቁኝ ጊዜ፣ በመጀመሪያ ያሰብሁት የመሣሪያዎችን ዝርዝር ይዤ ለመቅረብ ነበር። ነገር ግን የመሣሪያ ዝርዝር ከማንኛውም ሻጭ ዘንድ ሊገኝ ይችላል። ከሻጭ ዘንድ የማይገኘው፣ መሣሪያው በየትኛው ቦታ መቀመጥ እንደሚገባውና የሚናገረውን ማን ሊሰማው እንደሚገባ ነው። የንግግሬ ፍሬ ነገር በአጭሩ ይህ ነው፤ የክትትል ሥርዓት የሚተከለው ምስሉ መልካም መሆኑን ለማየት ብቻ ሳይሆን፣ ምስሉ በተበላሸ ጊዜ ጥፋቱ ከየት እንደ ጀመረ በማስረጃ ለመናገር ነው። ይህ ማስረጃ በሌለበት መሥሪያ ቤት ጥፋቱ የሚጫነው በጥፋተኛው ላይ ሳይሆን፣ ጥፋቱ በታየበት ቦታ በተገኘው ሰው ላይ ነው።

በአገራችን የቴሌቪዥን ሥርጭት ከተጀመረበት ከ1957 ዓ.ም. አንሥቶ ለብዙ ዘመን ያገለገለው የአናሎግ ሥርጭት ችግሩን የሚሸሽግ አልነበረም። ሲግናሉ ሲደክም በምስሉ ላይ እንደ በረዶ ያለ ነጠብጣብ ይታያል፤ ድምፁ ይሻክራል፤ ምስሉም ጥላ ያወጣል። ልምድ ያለው ቴክኒሽያን ይህን አይቶ ጥፋቱ ከአንቴናው ይሁን ከማጉያው ለመገመት ይችል ነበር። ዲጂታሉ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። የስሕተት ማረሚያው ስሕተቱን እያቃና ምስሉን እስከ መጨረሻው ድረስ ንጹሕ አድርጎ ያቆየዋል፤ አቅሙ ያለቀ እንደ ሆነ ግን ምስሉ ባንድ ጊዜ ይሰበራል ወይም ፈጽሞ ይጠፋል። በገደል አፋፍ ላይ በጨለማ እንደሚሄድ ሰው ነው፤ እስከ መጨረሻዋ እርምጃ ድረስ ደኅና ነው። ስለዚህ ዓይንን በስክሪን ላይ ተክሎ መጠበቅ፣ ቀድሞ ይበቃ የነበረ ቢሆንም ዛሬ አይበቃም።

ለመሆኑ የምንከታተለው ነገር ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ የጸደቀው የኤምፔግ 2 ደረጃ፣ ምስልን፣ ድምፅንና መረጃን በአንድ ላይ አጣምሮ የሚያጓጉዘውን ሥርዓት ትራንስፖርት ስትሪም ብሎ ሰይሞታል። እኔ በዚህ ንግግር ባጭሩ «ጅረቱ» እያልሁ እጠራዋለሁ። ጅረቱ እያንዳንዳቸው 188 ባይት በሆኑ ፓኬቶች የተከፋፈለ ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ 4ቱ ባይት ራስጌ፣ 184ቱ ጭነት ናቸው። የመጀመሪያው ባይት ዘወትር አንድ ዓይነት ነው፤ በአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር 47 ይባላል፤ ተቀባዩ የፓኬቱን መነሻ የሚያውቀው በእርሱ ነው።

በቀሩት የራስጌው ባይቶች ውስጥ ለእኛ ሥራ ዋና የሆኑ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው ፒአይዲ የሚባለው ባለ 13 ቢት መለያ ቁጥር ነው፤ ፓኬቱ የየትኛው ምስል፣ የየትኛው ድምፅ ወይም የየትኛው ሠንጠረዥ ክፍል እንደ ሆነ የሚለየው ከ0 እስከ 8191 ባለው በዚህ ቁጥር ነው። ሁለተኛው «ይህ ፓኬት ተበላሽቷል» ብላ የምትመሰክር አንዲት ቢት ናት፤ የሬዲዮ ሞገዱን የተቀበለው መሣሪያ ሊያርመው ያልቻለውን ስሕተት ባገኘ ጊዜ ይህችን ቢት ያነሣታል። ሦስተኛው በእያንዳንዱ ፒአይዲ ከ0 እስከ 15 እየተቆጠረ የሚመላለስ ተራ ቁጥር ነው፤ ከ6 ቀጥሎ 7 ሳይመጣ 8 የመጣ እንደ ሆነ በመካከል የጠፋ ነገር አለ ማለት ነው። ከእነዚህም ሌላ ጅረቱ የራሱን ሰዓት ይዞ ይጓዛል። ፒሲአር የሚባለው ይህ የሰዓት ምልክት በሰከንድ 27 ሚሊዮን ጊዜ ከሚመታ ሰዓት የተወሰደ ንባብ ነው፤ የተመልካቹ መሣሪያ የራሱን ሰዓት የሚያስተካክለው በእርሱ ነው።

ይህ ጅረት በኔትዎርክ ላይ በሚጫንበት ጊዜ፣ በተለመደው አሠራር 7 ፓኬቶች በአንድ የአይፒ ፓኬት ውስጥ ይታሸጋሉ። 7 ጊዜ 188 ሲባዛ 1316 ባይት ይሆናል፤ ይኸውም ከኢተርኔት የ1500 ባይት ወሰን ሳያልፍ በደኅና ይገባል። የሙያችን ሁለት ወገኖች፣ ማለትም የቪዲዮው ሰዎችና የኔትዎርኩ ሰዎች፣ የማይግባቡት እዚህ ላይ ነው። በሰከንድ 4 ሚሊዮን ቢት የሚፈስ አንድ ጅረት በሰከንድ 380 ያህል የአይፒ ፓኬት ይልካል። ከ10,000 ፓኬት አንዱ ብቻ ቢጠፋ፣ የኔትዎርኩ ባለሙያ «9,999ኙ በሰላም ደርሷል» ብሎ በሥራው ይደሰታል፤ ደስታውም ለኢሜይልና ለፋይል የሚገባ ነው፤ የጠፋው እንደ ገና ይላካልና። በቀጥታ የሚፈስ ቪዲዮ ግን አብዛኛውን ጊዜ የጠፋውን መልሶ የሚልክለት የለም። ስሌቱን ብንሠራው ይህ ጉድለት በየ26 ሰከንዱ አንድ ጊዜ የሚደርስ ነው። የጠፋውም 7 ፓኬት ለሌሎቹ ምስሎች መነሻ በሆነው ሙሉ ምስል ላይ ያረፈ እንደ ሆነ፣ ብልሽቱ እስከሚቀጥለው ሙሉ ምስል ድረስ ይሰነብታል። እንግዲህ በአንደኛው ክፍል ሪፖርት ከመቶ 99.99 የሆነው ውጤት፣ በተመልካቹ ቤት በየግማሽ ደቂቃው የሚሰበር ምስል ነው። ሁለቱም ወገኖች እውነት ይናገራሉ፤ የሚለኩበት ሚዛን ግን አንድ አይደለም።

ከዚህ በላይ የተናገርሁትን ነገር ከመጽሐፍ ብቻ የተማርሁት አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሠራሁበት መሥሪያ ቤት የክትትል ሥርዓቱን እንድተክል ታዝዤ፣ አንድ ኮምፒውተር በዋናው ሕንፃ በመልቲፕሌክሰሩ መውጫ፣ ሁለተኛውን ደግሞ በኮረብታው ላይ ባለው የማሠራጫ ጣቢያ፣ የኔትዎርኩ መስመር በሚያበቃበት ቦታ አኖርሁ። የጣቢያው ኮምፒውተር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተራ ቁጥር ስሕተት እያለ ቀንና ሌሊት ይጮኽ ጀመር። ምክንያቱን ስመረምር ጥፋቱ የራሴ ሆኖ አገኘሁት። ሊኑክስ ለሚገባው መረጃ በልማድ የሚመድበው ማቆያ 212,992 ባይት ነው፤ በሰከንድ 40 ሚሊዮን ቢት ለሚፈስ ጅረት ይህ ከ45 ሚሊ ሰከንድ በታች የሚሆን ትዕግሥት ነው። ኮምፒውተሩ ለአፍታ በሌላ ሥራ በተያዘ ቁጥር ማቆያው እየሞላ ይፈስስ ነበር፤ ያልጠፋውን ፓኬት ያጠፋው የእኔው መለኪያ ነበር። ማቆያውን ማስፋት ሲገባኝ፣ ሥራ በዝቶብኛል ብዬ ለሌላ ጊዜ አቆየሁትና ደወሉን ዘጋሁት።

ከሁለት ወር በኋላ ተመልካቾች በምሽት የኳስ ጨዋታ ጊዜ ምስሉ ይሰበራል እያሉ ስልክ መደወል ጀመሩ። በዋናው ሕንፃ ያለው ስክሪን ንጹሕ ነው። የኔትዎርኩ ክፍል የመስመሩን አጠቃቀም የሚያሳይ ግራፍ አቀረበ፤ ከመቶ 30 አይበልጥም። በኮረብታው ጣቢያ ያለው ስክሪን ግን ይሰበራል። በዚህ ምክንያት በጣቢያው ተረኛ የነበሩት፣ በሙያው ከእኔ ዕድሜ የማያንስ ዘመን ያገለገሉት አዛውንት ቴክኒሽያን፣ መሣሪያቸውን በሚገባ አልያዙም ተብለው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው። «ሲመጣልኝ ተሰብሮ ነው የሚመጣልኝ» ብለው ቢናገሩም፣ ቃላቸውን የሚደግፍ ማስረጃ አልነበራቸውም። ማስረጃው እኔ ዘንድ ነበር። ደወሉን እንጂ መዝገቡን አልዘጋሁትም ነበርና፤ መዝገቡን ግን የሚያነብ አልነበረም።

መዝገቡን ያነበብሁት ማስጠንቀቂያው ከተሰጠ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። የእኔ ማቆያ የፈጠረው የሐሰት ስሕተት በሃያ አራቱም ሰዓት ተበታትኖ ይታያል፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ግን ስሕተቱ በብዙ ፒአይዲዎች ላይ ባንድ ቅጽበት እየተደራረበ ይመጣል። ማቆያውን አስፍቼ እንደ ገና ብለካ፣ የተበታተነው ጠፋ፤ የምሽቱ ቀረ። የስዊቹን ቆጣሪ ባስመረምር፣ በዚያው ሰዓት በመውጫው ፖርት የተጣሉ ፓኬቶች ተቆጥረው ተገኙ። ለካ በየምሽቱ የፋይል ግልባጭ በዚያው መስመር ላይ ይተላለፍ ኖሯል። ግራፉም አልዋሸም፤ የአምስት ደቂቃ አማካይ የሚያሳይ ግራፍ ነበርና። በ300 ሰከንድ ውስጥ መስመሩ ለ3 ሰከንድ ጢም ብሎ ቢሞላ፣ አማካዩ የሚጨምረው ከመቶ አንድ እንኳ ቢሆን ነው። ለቪዲዮው ፓኬቶች በስዊቹ ላይ ቅድሚያ በተሰጣቸው ዕለት ችግሩ ቆመ።

ማስጠንቀቂያው ከማኅደራቸው ወጣላቸው። እኔ ግን ደወሉን ዘግቼው እንደ ነበር ለእኚህ ሰው ለመንገር ብዙ ወራት ፈጀብኝ። በነገርኋቸው ጊዜ አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ ያን ጊዜ ደውለህ ብትጠይቀኝ ኖሮ፣ በእኔም ስክሪን ላይ እንደሚታይ እነግርህ ነበር» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ከኮምፒውተሩ የሚመጣውን ቁጥር በቦታው ላለው ሰው ሳላሳይ ሐሰት ነው ብዬ አልፈርድም።

ክቡራትና ክቡራን፤

ከዚህ የተማርሁትን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

አንደኛው የመለኪያው ቦታ ነው። ኃላፊነት ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ በሚያልፍበት ቦታ ሁሉ አንድ መለኪያ ሊኖር ይገባል፤ ይኸውም በኢንኮደሩ መውጫ፣ በመልቲፕሌክሰሩ መውጫ፣ ጅረቱ ወደ ኔትዎርኩ በሚገባበትና ከኔትዎርኩ በሚወጣበት፣ በመጨረሻም እንደ ተመልካቹ ከአየር ላይ በሚቀበል አንድ መሣሪያ ዘንድ ነው። ገንዘቡ ለሁሉም የማይበቃ ከሆነ ከኔትዎርኩ በፊትና በኋላ ያሉት ሁለቱ ይቅደሙ፤ ክርክር የሚበዛው በዚያ ነውና። መለኪያው የስዊቱን ትራፊክ በግልባጭ ከሚያሳይ ፖርት ከሚቀበል፣ እንደ ማንኛውም ተቀባይ ጅረቱን ራሱ ቢጠይቅ ይሻላል። የግልባጭ ፖርት ሲጨናነቅ ራሱ ፓኬት ይጥላልና፤ ያልተደረገ ጥፋት ይመሰክራል።

ሁለተኛው የሚለካው ነገር ነው። የአውሮፓ የቴሌኮሙኒኬሽን ደረጃዎች ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣውና በኋላ ቲአር 101 290 በሚል ቁጥር የታወቀው መመሪያ ፈተናዎቹን በሦስት ደረጃ ከፍሎ አስቀምጦልናል። በመጀመሪያው ደረጃ ያሉት ያለ እነርሱ ምስሉ ሊፈታ የማይችልባቸው ናቸው፤ የመነሻው ባይት መገኘት፣ የተራ ቁጥሩ አለመዘለል፣ የፕሮግራሞቹን ዝርዝር የያዙት ፓትና ፒኤምቲ የተባሉት ሠንጠረዦች ቢያንስ በየግማሽ ሰከንዱ መምጣት፣ የተመዘገበው ፒአይዲ መኖር። በሁለተኛው ደረጃ ያሉት የሰዓቱ ምልክት፣ የብልሽት ምስክር የሆነችው ቢትና የመሳሰሉት ናቸው። ሦስተኛው እንደየአገልግሎቱ የሚታይ ነው። ጀማሪ መሥሪያ ቤት በመጀመሪያው ደረጃ ይጀምር፤ ያንን ሳይለምድ ሦስቱንም ባንድ ጊዜ የከፈተ ሰው በደወል ብዛት ይደነቁራል።

ሦስተኛው የንባብ ጥበብ ነው። የብልሽት ቢቷ የተነሣች እንደ ሆነ ጥፋቱ የደረሰው ከሬዲዮ ሞገድ በተቀበልንበት ቦታ መሆኑን አስቡ። ቢቷ ሳትነሣ ተራ ቁጥሩ በብዙ ፒአይዲዎች ባንድ ቅጽበት ከተዘለለ፣ ኔትዎርኩን ጠርጥሩ፤ አንድ የአይፒ ፓኬት ሲጠፋ የልዩ ልዩ ፕሮግራም ንብረት የሆኑ 7 ፓኬቶች አብረው ይጠፋሉና። ዝላዩ በአንድ ፒአይዲ ብቻ ከሆነ ወደ ኢንኮደሩና ወደ መልቲፕሌክሰሩ ተመለሱ። ምንም ሳይጠፋ ሰዓቱ ብቻ ከተዛባ፣ የመዘግየቱን መዋዠቅ መርምሩ። ለዚህ እ.ኤ.አ. በ2006 በአርኤፍሲ 4445 የተገለጸው መለኪያ ይረዳል፤ መዋዠቁን በሚሊ ሰከንድ፣ የጠፋውን በሰከንድ ስንት ፓኬት ብሎ በሁለት ቁጥሮች ያቀርበዋልና። ነገር ግን የፒሲአር ትክክለኛነት ወሰን ከ500 ናኖ ሰከንድ የማይበልጥ ስለሆነ፣ በተራ ኮምፒውተር ሰዓት የፓኬትን መድረሻ ለክቶ በዚህ ደረጃ ለመፍረድ አይቻልም፤ ለዚያ ልዩ መሣሪያ ያስፈልጋል። ለቀረው ሥራ ግን ቲኤስዳክና ዋየርሻርክን የመሰሉ ያለ ክፍያ የሚገኙ ፕሮግራሞች ብዙ ርቀት ይወስዳሉ።

አራተኛው የመለኪያውን ድክመት ማወቅ ነው። ተራ ቁጥሩ ከ0 እስከ 15 ብቻ ስለሚቆጥር፣ በአንድ ፒአይዲ በትክክል 16 ፓኬት ቢጠፋ ምንም እንዳልጠፋ ይታያል። ስለዚህ ጅረቱን በአርቲፒ ማሸግ ይመረጣል፤ የአርቲፒ ተራ ቁጥር እስከ 65,535 ይቆጥራልና። እንዲሁም አንድ ጅረት በሁለት መንገድ ተልኮ በመድረሻው እንዲተካካ በሚደረግበት ጊዜ፣ ሁለቱንም መንገዶች ለየብቻ መለካት ግዴታ ነው። አለበለዚያ አንደኛው መንገድ ሞቶ ለወራት ሳይታወቅ ይቀራል፤ ሁለተኛው በወደቀ ዕለት ብቻ ይታወቃል። አዲስ ኔትዎርክንም በጥቂት ደቂቃ ፈተና አትቀበሉ። የመልቲካስት አባልነትን በየጊዜው የሚጠይቅ መሣሪያ በኔትዎርኩ ላይ ከሌለ፣ ስዊቹ በተለመደው አወሳሰን በ260 ሰከንድ ውስጥ አባላቱን ይረሳል፤ በፈተና ጊዜ ያማረው ምስል ፈታኞቹ ፈርመው ከወጡ በኋላ ይቋረጣል።

አምስተኛውና የመጨረሻው፣ ደወልና መዝገብ ናቸው። ማንም ሊያደርግበት የሚገባው ሥራ ያልተመደበለት ደወል ባይተከል ይሻላል። ከአንድ ጥፋት የሚወለዱ አሥር ደወሎች በአንድ ይጠቃለሉ፤ የመነሻው ባይት ከጠፋ የቀሩት ሁሉ እንደሚጮኹ የታወቀ ነውና። ደወል የሚዘጋ ሰው ስሙን፣ ቀኑንና ምክንያቱን ይጻፍ፤ የተዘጋውም በተወሰነ ጊዜ ራሱ ተመልሶ ይከፈት። የመለኪያዎቹ ሰዓት ሁሉ ከአንድ ሰዓት ጋር ይስተካከል፤ ሁለት ምስክሮች በሰዓት ካልተስማሙ የማን ቃል እንደ ቀደመ ሊታወቅ አይችልም። መዝገቡንም የቪዲዮው፣ የኔትዎርኩና የማሠራጫው ክፍሎች እኩል ሊያዩት ይገባል። አንዱ ክፍል ብቻ የሚያየው መዝገብ ለከሳሽ እንጂ ለዳኛ አይጠቅምም።

የተከበራችሁ ባልደረቦች፤

በሙያችን ውስጥ ከመሣሪያው አጠገብ ያለው ሰው ዘወትር በቅርብ የሚገኝ ተጠያቂ ነው። በኮረብታ ላይ፣ በሌሊት፣ ብቻውን የሚሠራ ቴክኒሽያን ራሱን የሚከላከልበት ነገር ቢኖር እኛ በመስመሩ ላይ ያኖርንለት ምስክር ነው። ምስክሩን በትክክለኛው ቦታ ማኖር፣ የሐሰት ቃል እንዳይናገር ማረም፣ በተናገረም ጊዜ መስማት የእኛ የመሐንዲሶች ግዴታ ነው። ወደየመሥሪያ ቤታችሁ በተመለሳችሁ ጊዜ አንድ ነገር እንድታደርጉልኝ እለምናችኋለሁ፤ በክትትል ሥርዓታችሁ ውስጥ የተዘጉትን ደወሎች ዝርዝር አውጡና ማን፣ መቼ፣ ስለ ምን እንደ ዘጋቸው ጠይቁ።